የድርሰት ዕቁብ በገፈርሳ

ረቡዕ ማታ ነበር። ራስ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ግጥም በጃዝ ሞቅ ብሏል። ወንበር ያጡት ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ገጣሚው ስንኙን ጣል ሲያደርግ ሳክስፎኑ ከኋላው ይቀበለዋል፤ ሰዉም «ይደገም!» ይላል። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ሰዓቴን አያለሁ። ከመሐል ከተማ አስኮ፣ ከአስኮ ቡራዩ፣ ከቡራዩ ገፈርሳ የሚያደርሰው ታክሲ ከመሸ በኋላ እየሳሳ እንደሚሄድ የዚህ መንገድ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ዝግጅቱ ሳያልቅ ወጣሁ።

ታክሲው ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ የመግቢያ ወረቀቷን ደብተሯ መሐል እንደ ዕልባት ሰክታዋለች። እሷም አቋርጣ መውጣቷ ነው። አስኮን እስክናልፍ ዝም ብላ ቆየችና፣ «ጋሼ፣ እርስዎም ወደ ገፈርሳ ነዎት?» አለችኝ። ልቦለድ እንደጀመረች፣ ሦስተኛ ደብተሯን ልትጨርስ እንደተቃረበች አጫወተችኝ። ከዚያ ሆዷ ውስጥ ያለውን አወጣችው። «የደራሲዎች ማኅበሩ እዚያ፣ የመጽሐፍ ዐውደ ርዕዩ እዚያ፣ ሙዚቃው እዚያ። እንደኔ ዳር ላይ የሚኖር ሰው ደራሲ መሆን ይችላል?»

«በደንብ ነዋ!» አልኳት። ከዚያ በላይ ሳልላት ወራጅ አለ ብዬ ወረድኩ። ሙሉውን መልስ ዛሬ እጽፈዋለሁ፤ ለሷም፣ እንደሷ ደብተር ይዛችሁ መሽቶባችሁ ለምትመለሱ ሁሉ።

ከውኃው ልጀምር። ገፈርሳ ከመሐል አዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአምቦ መንገድ ላይ ትገኛለች። ግድቧ ከለገዳዲም ከድሬም ይቀድማል፤ እነዚያ ሳይሠሩ አዲስ አበባ ቧንቧ ከፍታ ስትጠጣ ከዚህ ስትጠጣ ኖራለች። ክረምት ላይ ግድቡ ከኮረብታው የሚወርደውን ጅረት ሁሉ እየተቀበለ ዝም ብሎ ይሞላል። በጋ ሲገባ የሞላውን ለከተማው ይሰጣል። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይኖረው ባለሰማያዊ ክንፉ ዝይ እዚሁ ዳርቻ ላይ ሲሰማራ ይታያል። ጠዋት ጠዋት በዚያ በኩል ሳልፍ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል፤ መሐሉ ከዳር ይጠጣል።

የሥነ ጽሑፋችንም ነገር እንዲሁ ነው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. የተወለደው በዚሁ በኛ መንገድ፣ አምቦ አጠገብ ቦዳ ላይ ነው። ገና የአምቦ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ የጻፈው ቴአትር በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ታይቷል። በኋላ የተማረበት ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት እኛ በየቀኑ በታክሲ የምናልፈው ነው። ከኢሉባቦር ሱጴ የመጣው በዓሉ ግርማም እዚያው ነው የተማረው። ሀዲስ ዓለማየሁ የጎጃም እንዶዳም ልጅ፣ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የአድዋ አካባቢዋ ርባ ገረድ ልጅ ናቸው። እስቲ ከነዚህ መሐል መሐል ከተማ የተወለደው የቱ ነው?

«ታዲያ ሁሉም ከተማ ገብተው አይደል የጻፉት?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ገብተዋል። ከተማው የሰጣቸው ግን ፎቁንና አስፋልቱን ሳይሆን ጆሮ ነው፤ የጻፉትን የሚሰማ፣ የሚከራከራቸው፣ «ቀጥል» የሚላቸው ሰው። ያ ጆሮ ደግሞ የትም ሊሰበሰብ ይችላል። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የገዛ አገራችን የቅኔ ቤት ይበቃል።

የቅኔ ቤቱን ሥርዓት ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ተማሪው በማለዳ ከጓደኞቹ ይለይና ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ያ የብቻ ሰዓቱ ነው፤ ማንም አይነካበትም። ከዚያ የቆጠረውን ይዞ መምህሩና ጓደኞቹ ፊት ይቀርባል። ዬኔታ ይሰማሉ፣ ያርማሉ፣ ያፈርሳሉ፣ ካማራቸውም «ይበል!» ይላሉ። ጀማሪው የሚጀምረው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ነው፤ ስምንት ቤቱን መወድስ በመጀመሪያው ቀን አምጣ የሚለው የለም። ከሁለት ስንኝ እየተነሣ ቀስ እያለ ያድጋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ ነው። አንዱም በዘመኑ ትልቅ ከተማ አልነበረም፤ የአገሩ ምርጥ ቃል ግን የተነጠረው እዚያ ነው።

ሀዲስ ዓለማየሁ በዚህ ትምህርት ውስጥ ያለፉ ሰው ናቸው። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያወጡ ዋና ገጸ ባሕርያቸው በዛብህ የቅኔ ተማሪ የሆነው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ልቦለዱ አውሮፓዊ ቅርጽ ያለው ነው ቢባልም፣ ዓረፍተ ነገሮቹን ጮክ ብሎ ላነበበ ሰው ከሥሩ የሚሰማው ያ ጉባኤ ፊት የተፈተነ አንደበት ነው።

እንግዲህ የብቻ ማለዳና የጋራ ምሽት፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ማለዳው ከሌለ የሚነበብ ነገር አይኖርም። ምሽቱ ከሌለ ደግሞ ደብተሩ ሣጥን ውስጥ ያረጃል። ብዙዎቻችን የጎደለን ምሽቱ ነው። እሱን ለመሙላት የማቀርብላችሁ ሐሳብ ከመንደራችን የወጣ ነው፤ ዕቁብ።

የድርሰት ዕቁብ ቀላል ነገር ነው። ከ6 እስከ 10 ሰው ተሰባሰቡ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ተራ በተራ አንዱ ቤት ወይም ጥግ ያላት ቡና ቤት ተገናኙ። እንደ ማንኛውም ዕቁብ ዳኛና ጸሐፊ ይኑራችሁ። በገንዘብ ዕቁብ ሁሉም አዋጥቶ ድምሩን አንዱ ይወስዳል። እዚህም ሁሉም ጆሮውን ያዋጣል፣ ዕጣ የወጣለት የሁሉንም ጆሮ ይወስዳል። ያን ቀን ስብሰባው የእሱ ብቻ ነው። 10 ገጽ ያህል ጮክ ብሎ ያነብባል፤ ሌላው ስልኩን ዘግቶ ይሰማል።

ንባቡ ሲያልቅ መጀመሪያ እያንዳንዱ ሰው በልቡ የቀረለትን ይናገር። «ያቺ ሴትዮ ነጠላዋን እያስተካከለች ዝም ያለችበት ቦታ ቀረብኝ» ማለት ለደራሲው ከ100 ምስጋና ይበልጣል፤ የትኛው ቦታ እንደሠራለት ያውቃልና። ከዚያ የጠፋበትን፣ የሰለቸበትን፣ ያላመነውን ይናገር። ጽሑፉን ያነበበው ደራሲ ግን እስከ መጨረሻ አፉን ይያዝ። «እኔ እኮ ማለት የፈለግሁት» ብሎ ማስረዳት ክልክል ይሁን። መጽሐፉ ሲታተም እያንዳንዱ አንባቢ ቤት ሄዶ ማስረዳት አይችልምና፣ ማስረዳት የሚያስፈልገው ቦታ ካለ ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቁልፍ ልምጣ፤ ዋስ። የጽሑፍ ማኅበራት ለምን እንደሚፈርሱ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የሚፈርሱት በጠብ አይደለም። የራሱን ጽሑፍ አንብቦ፣ የሚፈልገውን ሰምቶ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የሚቀር ሰው ሲበዛ ነው የሚፈርሱት። ዕቁባችን ይህን ችግር ድሮ አውቆታል! ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ይዞ እንዳይጠፋ፣ እስከ መጨረሻው እንዲጥል ዋስ ይጠራል። በድርሰት ዕቁባችሁም ዕጣ የወጣለት ዋስ ይጥራ፤ «ይህ ሰው የኛንም ተራ መጥቶ ይሰማል» የሚል አንድ ሰው። ዋስ የሆነው ቅዳሜ ጠዋት ደውሎ «ዛሬ እንዳትቀር» ይላል። ይቺ አንዲት ስልክ ስንት መጽሐፍ ታድን ነበር!

ቅጣትም ይኑር፤ የአንድ ገጽ ሥራ ሳይዝ የመጣ የዕለቱን ቡና ይክፈል። እንደ ቅኔ ቤቱ ከሁለት ስንኝ ይጀመር እንጂ ባዶ እጅ አይመጣ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቡራዩና ገፈርሳ በሁለት ቋንቋ የሚናገር አገር ነው። ታክሲ ውስጥ አንዱ በኦሮምኛ ጠይቆ ሌላው በአማርኛ ይመልሳል፤ ሁለቱም ይግባባሉ። ዕቁባችሁም እንዲሁ ይሁን። በኦሮምኛ የሚጽፍ ካለ በኦሮምኛ ያንብብ፣ ያልገባው ጎረቤቱ ይተርጉምለት። ዳባ ወዬሳ «ጎዳኒሳ» የተባለውን ልቦለድ የጻፈበትን ቋንቋ ጣዕም ሰምቶ ያደገ ጆሮ አማርኛውንም ይበልጥ ያጣፍጣል። መሐል ከተማ ያሉ ማኅበራት የሚመኙትን ሀብት እናንተ በር ላይ ይዛችሁታል።

ይህ ዓይነቱ ስብሰባ የት እንዳደረሰ ለማየት ዓለምን ዞር ብሎ መቃኘት ጥሩ ነው። ኦክስፎርድ ውስጥ ጄ. አር. አር. ቶልኪን የሚባል መምህር ሐሙስ ማታ ማታ በጓደኛው በሲ. ኤስ. ሉዊስ ክፍል ውስጥ ለጥቂት ወዳጆቹ የሚጽፈውን ተረት በየምዕራፉ ያነብብ ነበር። ሥራው ከ10 ዓመት በላይ ወሰደበት፤ ታትሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1954 እና 1955 ነው። «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለው ያ መጽሐፍ ዛሬ ዓለም ያነብበዋል። በኛም አገር የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተማሪዎች በኮሌጅ ቀን ግጥማቸውን በሕዝብ ፊት ያነቡ ነበር። በኋላም ሚዩዚክ ሜይዴይ የተባለው ድርጅት እሁድ እሁድ ሰው እየሰበሰበ በመጽሐፍ ሲያወያይ ኖሯል። ግጥም በጃዝን በ2003 ዓ.ም. ገደማ ካስጀመሩት መካከል አበባው መላኩ፣ ምሥራቅ ተረፈና ምሕረት ከበደ ይገኛሉ። ጥቂት ገጣሚዎችና ጥቂት ሙዚቀኞች ነበሩ፤ የወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ ለአዲስ አበባ ሰው ቀጠሮ ሆኖ የቀረው በነሱ ትጋት ነው።

ሙዚቃውን አንሥቼ እንዲሁ አላልፈውም፤ የሚያስደስተኝ እሱ ነውና።

በድሮ ካሴት ወይም ሲዲ ሽፋን ላይ «ግጥምና ዜማ ደራሲ» የሚል አይታችኋል። ድርሰት የሚለው ቃላችን ለልቦለድ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ከጥንት ጀምሮ ለዜማም ነው። ስለ ቅዱስ ያሬድ ስንናገር «የያሬድ ድርሰት» እንላለን። እንግዲህ በቋንቋችን ደራሲ ማለት የሚሰማ ነገር የሚሠራ ሰው ነው። የትልልቆቹ መጻሕፍት ስም ራሱ ድምፅ አለው። በዓሉ «የኅሊና ደወል» እና «የቀይ ኮከብ ጥሪ» አለ፤ አዳም ረታ «ማኅሌት» እና «ግራጫ ቃጭሎች» አለ። ደወል፣ ጥሪ፣ ማኅሌት፣ ቃጭል! መደርደሪያውን ጆሮ ሰጥቶ የሚያዳምጥ ሰው ይሰማዋል።

ሙዚቃና ልቦለድ እንዴት አንድ ቤት እንደሚኖሩ የምታሳይ የምወዳት ታሪክ አለች። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «ኤትዮፒክስ» በሚባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ የኛን የድሮ ዘፈኖች ለዓለም ያስተዋወቀ ሰው ነው። የሙላቱ አስታጥቄ ጃዝ፣ የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን፣ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ በብዙ አገር ሰው ጆሮ የገቡት በዚያ ስብስብ ነው። ይኸው ሰው ከጋሽ ስብሐት ጋር ሆኖ የውቤ በረሃን ምሽቶች የሚተርከውን «ሌቱም አይነጋልኝ»ን ወደ ፈረንሳይኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ለኅትመት አብቅቶታል። የዚያን ዘመን ሙዚቃ የወደደ ሰው የዚያን ዘመን ልቦለድ ፍለጋ ሄደ፤ መንገዱ አንድ ነበርና።

በተቃራኒውም ይሄዳል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ከታተመ ከ51 ዓመት በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. ቴዲ አፍሮ «ማር እስከ ጧፍ» በሚለው ዘፈኑ የሰብለወንጌልንና የበዛብህን ፍቅር መልሶ በዜማ አመጣው። መጽሐፉን ያልያዙ ወጣቶች ዘፈኑን ሰምተው መጽሐፉን ፍለጋ ወጥተዋል።

ስለዚህ ለልቦለዳችሁ ሙዚቃ ምረጡለት። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ለያዝኩት ሥራ 3 ዜማ እመርጣለሁ፤ አንዱ ለቦታው፣ አንዱ ለዋናው ሰው፣ አንዱ ለመጨረሻው ምዕራፍ። ስቀመጥ አንዱን እከፍታለሁ፤ ዜማው ሲያልቅ ብዕሬ መንቀሳቀስ ይጀምራል። በጊዜ ብዛት ጆሮዬ ራሱ ለምዶት፣ ያንን ዜማ ሲሰማ ያቋረጥኩትን ገጽ ያስታውሰኛል። ስጽፍ ግጥም ያለው ዘፈን አልወድም፤ የዘፋኙ ቃል ከኔ ቃል ጋር ይጋፋል። ለዚህ የእማሆይ ፒያኖ ባለውለታዬ ነው። ቃል የለውም፤ ሰፊ ሜዳ ላይ ለብቻ እንደሚሄድ ሰው ይሄዳል። ቁጣ ወይም ጦርነት ያለበት ምዕራፍ ላይ ስደርስ ሽለላውን በሳክስፎን ወደሚያወርደው ወደ ጌታቸው መኩሪያ እዞራለሁ።

ቅኝቶቻችንንም አስቡባቸው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። አንድ ምዕራፍ ከመጀመራችሁ በፊት «ይህ በየትኛው ቅኝት ነው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ይሁን አጭር፣ ፈጥኖ ይሂድ ወይስ ዞሮ ይመለስ፣ ከዚያ ጥያቄ ይመነጫል። ክራር የሚመታ ጎረቤት ካላችሁ አራቱን ቅኝት ተራ በተራ እንዲመታላችሁ ለምኑት። አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ ለብዙ ዓመት ይጠቅማችኋል።

ጃፓናዊው ሀሩኪ ሙራካሚ ደራሲ ከመሆኑ በፊት ቶኪዮ ውስጥ የጃዝ ቤት ነበረው። ሲጽፍ ሌሊት 10 ሰዓት ይነሣል፣ 5 ወይም 6 ሰዓት ይሠራል፣ ከዚያ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጣል ወይም ይዋኛል። ይህን ሳነብ ሱሉልታ መጣችብኝ። እዚያ ጎህ ሳይቀድ ሜዳው ላይ የሚሮጡትን ልጆች ያየ ሰው፣ ስለ ትጋት ሌላ ትምህርት አያሻውም። ቀነኒሳ በቀለ ያሠራው መም እዚያ ነው ያለው። ልብ በሉ፣ ሯጮቻችን ብቻቸውን አይሠለጥኑም። አንዱ ከፊት ሆኖ ነፋሱን ይከፍላል፣ ሌላው ይከተላል፣ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ውድድሩ ቀን ግን እያንዳንዱ በገዛ እግሩ ነው። የደራሲ ኑሮ ከዚህ ምን ይለያል?

«ጊዜ የለኝም» ለምትሉ ሁለት ሰው ልጥራላችሁ። በዓሉ ግርማ ከ1962 እስከ 1975 ዓ.ም. 6 ልቦለድ አሳትሟል። በነዚያ ዓመታት ሁሉ ጋዜጠኛ፣ ዋና አዘጋጅ፣ በኋላም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር፤ የሙሉ ቀን ሥራ ያለው ሰው ነው። አሜሪካዊቷ ቶኒ ሞሪሰን ደግሞ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ብቻዋን እያሳደገች፣ ቀን በአሳታሚ ድርጅት አርታኢነት እየሠራች፣ ልጆቹ ሳይነቁ ሌሊት ትጽፍ ነበር። ከገፈርሳ ፒያሳ በታክሲ ወረፋና መንገድ የሚጠፋው ጊዜ ራሱ፣ ስልካችሁ ላይ ግማሽ ገጽ ለመጻፍ ይበቃል። ወንበር ካገኛችሁ ማለቴ ነው፤ ካላገኛችሁም ቆማችሁ ገጸ ባሕርያችሁን አናግሯቸው።

ወደ ጆሮው ነገር ልመለስ። ከከተማው በሌላው በኩል፣ በጅማ መንገድ፣ ሰበታ አለች። የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት፤ ስንት ልጅ በጣቱ ማንበብ የጀመረው እዚያ ነው። በጣት የሚነበቡትን ስድስት ነጥቦች የፈለሰፈው ሉዊ ብሬል ራሱ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1829 ዘዴውን ሲያሳትም ቃልም ሙዚቃም የሚጻፍበት አድርጎ ነው ያወጣው። በአንድ ጣት ታሪክም ዜማም ይነበባል! ያንን ሳስብ አንድ ልማድ ይዣለሁ፤ የጻፍኩትን ዓይኔን ጨፍኜ ሌላ ሰው እንዲያነብልኝ አደርጋለሁ። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያነብ አገር ሁሉ ሥራውን ትቶ የሰማው ድምፁ ግሩም ስለሆነ ብቻ አልነበረም፤ ጽሑፉ ራሱ ለመሰማት የተሠራ ነበር። በጆሮ የሚያሰናክል ዓረፍተ ነገር ካለ ዓይንንም ያሰናክላል። ቀይሩት።

ልጅቷ ያነሣችው የመጽሐፍ ዐውደ ርዕይስ? «ንባብ ለሕይወት» አዲስ አበባ ላይ ዐውደ ርዕዩን ሲያዘጋጅ ሄጄ ያየሁት ደስታ እስካሁን አብሮኝ አለ፤ አባት ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ መጽሐፍ ያስመርጠው ነበር። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ሰፊ በር ነው። ሂዱ፣ ግቡበት፣ ደራሲዎችን ጠይቁ፤ ዕድሉን ስታገኙ ዓይን አፋርነት ይቅር። ግን በዓመት አንዴ የራሳችሁንም በዓል አድርጉ።

እኔ የምመኘው ጳጉሜን ነው። አምስት ቀን፣ አንዳንዴ ስድስት፣ ከወር ደመወዝም ከሒሳብም የተረፈች ትንሽ ወር። ግድባችንም ያን ጊዜ ሙሉ ነው። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ዝናቡ ቢመጣ ሸራ ተወጥሮ፣ ምንጣፍ ላይ መጽሐፍ ይዘርጋ። የመጽሐፍ ዋጋ ስለተወደደ መሸጥ ብቻ አይሁን፤ መለዋወጥ ይሁን። አንብበህ የጨረስከውን ታመጣለህ፣ ያላነበብከውን ትወስዳለህ። መጽሐፍ አዟሪዎችም ይጋበዙ፤ ማን ምን እንደሚያነብ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ዕቁብተኞቹ በዓመቱ ካነበቡት አንድ አንድ ገጽ ያንብቡ። ክራር ያለው ክራሩን፣ ዋሽንት ያለው ዋሽንቱን ይዞ ይምጣ። ትልቁ ሰውዬ ተነሥተው ድሮ ግድቡ አጠገብ ልጅ ሆነው ያዩትን ያውሩ፣ ከልጆቹም አንዱ ይጻፈው። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ አንድ ሸራ፣ ሁለት ምንጣፍ፣ አንድ ጀበና።

ከታክሲዋ ልጅ ጋር እንደገና የተገናኘነው ከወራት በኋላ ነው። ይህን ሐሳብ አንሥቼላት ሳልጨርስ «ማንን ማንን ልጥራ?» አለችኝ። እሷ ሁለት ጓደኞቿን፣ እኔ ጡረታ የወጡ አንድ የኦሮምኛ መምህር ጎረቤቴን ጠራን። መምህሩ የሱቅ ጠባቂውን ልጅ ይዘውት መጡ፤ ለካ በየደረሰኙ ጀርባ ግጥም ይጽፋል። ስድስት ሆንን። የተሰበሰብንበት ቤት ባለቤት እትዬ ሰፊውን ክፍል ለቀቁልን፤ «እኔ አልጽፍም፣ ግን መስማት እችላለሁ» ብለው ጥግ ላይ ተቀመጡ፤ ሰባተኛ ሆኑ።

ስማችንን በቁራጭ ወረቀት ጽፈን ባዶ የስኳር ጣሳ ውስጥ ከተትን። የእትዬ የልጅ ልጅ እጇን አስገብታ አንዷን አወጣች፣ ፈታችና እየተንተባተበች አነበበች። የታክሲዋ ልጅ ነበረች። ዋስ ተጠየቀች፤ መምህሩ እጃቸውን አወጡ። ደብተሩን ከፈተች፤ የራስ ሆቴሉ ወረቀት አሁንም ዕልባት ሆኖ ነበር። እትዬ ተነሥተው ሬዲዮኑን ዘጉትና፣ «በይ ልጄ፣ ጮክ ብለሽ» አሏት።